ለእማዬና ለአባዬ 50ኛ ዓመት አልበም ወረቀት ምረጡልኝ፤ ፎቶው ወረቀቱ ውስጥ ጠፋብኝ

ሚሚ_ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴና አባቴ የተጋቡት ጥር 1968 ዓ.ም ነው። ዘንድሮ 50 ዓመት ሞላቸው። ለፋሲካ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የምንሰጣቸው ስክራፕቡክ (በወረቀትና በጽሑፍ ያጌጠ የፎቶ አልበም) እንሥራ ብለን ከእህቶቼ ጋር ተስማማን። ሐሳቡ የሁላችንም ነበር፣ ሥራው ግን እኔ ላይ ወደቀ።

አልበሙ 12 በ12 ኢንች ነው። ገጾቹ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ወረቀት ልገዛ ማይክልስ ስገባ ዓይኔ አዋጅ ሆነበት። በመጨረሻ ቅናሽ ላይ የነበረ አንድ ወፍራም ጥራዝ ይዤ ወጣሁ። ትልልቅ ጽጌረዳ፣ ወርቃማ ብልጭልጭ፣ ቢራቢሮ፣ መስመር፣ ነጠብጣብ፣ ምን የሌለው አለ።

ፎቶዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ፣ ትንንሽ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው። አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ አባዬ በእጁ «ለማይረሳ ትዝታ» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። አዲሶቹ ደግሞ የእኔ መልስ ላይ የተነሣናቸው ናቸው። እኔና ባለቤቴ ካባ ለብሰናል፤ እማዬ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው ሐበሻ ቀሚስ አድርጋለች።

ጣጣው ምን መሰላችሁ? ፎቶውን ወረቀቱ ላይ ሳስቀምጠው ሰው አይታይም። ካባው ከጽጌረዳው ጋር ይጣላል። ነጭ ወረቀት ላይ ሳደርገው ደግሞ የእማዬ ቀሚስ ያልታጠበ ይመስላል። ገና ምንም አልለጠፍኩም። የትኛውን ወረቀት የት ላድርግ? የድሮዎቹንስ በምን ልለጥፋቸው?

——

መቀስ_በእጄ

ካባ ካለ ጥቁር ካርድስቶክ (ወፍራሙ ድፍን ወረቀት)፣ ወርቃማ ብዕር፣ አለቀ። እኔ ሁሉንም ጥቁር ላይ ነው የምለጥፈው። ጽጌረዳውን ለልጆች ስጫቸው ይቁረጡት።

——

እትዬ_ወረቀት (አሌክሳንድሪያ)

ሚሚዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃቸው። ለአንቺ ደግሞ እግዜር ትዕግሥቱን ይስጥሽ።

መጀመሪያ ያን ጥራዝ ዝጊው። ወረቀት የሚመረጠው ፎቶ ከተመረጠ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱን አይቶ ይወድና ከዚያ ፎቶ ይፈልግለታል፤ ሱቆቹም የሚኖሩት በዚሁ ነው። ለአንድ ገጽ የሚሆኑ ሦስት አራት ፎቶዎች ለዪ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጊያቸው። ማን ነው እዚህ ገጽ ላይ መታየት ያለበት? እሱን ከወሰንሽ በኋላ ወረቀት ፈልጊ። ሱቅ ስትሄጂም ፎቶውን ወይም ኮፒውን በፖስታ ያዢ። ስልክ ላይ የሚታየው ቀለም አያስተማምንም።

አሁን ወደ ካባው ልምጣ። እነዚህን ጥራዞች የሚያዘጋጁት ሰዎች በሐሳባቸው ያለው ልጅ ጂንስና ድፍን ቲሸርት የለበሰ ነው። እሱ ላይ አበባ ቢጨመር ያምርበታል። የእኛ ልብስ ግን ራሱ ጥለት አለው። ካባ ሥር ጽጌረዳ ስታነጥፊ ሁለቱም «እኔን እዩኝ» ይላሉ፤ መሃል ላይ ሙሽሮቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ለመልሱ ፎቶዎች ሰፊውን ቦታ ለድፍን ወረቀት ስጪ፣ ባለ ጥለቱ ዳር ላይ ይግባ። ነጠላን አስቢው፦ ሜዳው ባዶ ነው፣ ጥለቱ ጫፉ ላይ ነው። ገጽሽንም እንደዚያው ሥሪው። አንድ ሙሉ ካርድስቶክ አንጥፊ። ከግርጌው ከፍ አድርገሽ 2 ኢንች የሚሰፋ ባለ ጥለት ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር አሳልፊ። ከቁራጩ በላይ ግማሽ ኢንች የምትሆን ሌላ ድፍን መስመር። ፎቶዎቹ ከዚያ በላይ። በቃ፣ ገጽ ሆነ።

ቀለሙን ከየት ታመጪዋለሽ? ከራሱ ከእማዬ ጥለት። ግን ልብ በይ፣ በጣም የሚጮኸውን ቀለም አትውሰጂ። አረንጓዴና ወርቃማ ነው ብለሻል፤ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ ወርቃማውን ይይዛል። ተይው። ፎቶውን ዓይንሽ ሥር አምጥተሽ ጥለቱን እይው። ሸማኔ ሁለት ቀለም ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ በመሃላቸው ቀጭን ነገር ያስገባል፦ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ። እሷን ፈልጊ። የልጄ ክርስትና ላይ እናቴ ያደረገችው ጥለት ቀይና ቢጫ ነበር፤ በሁለቱ መሃል ግን የጥድ አረንጓዴ ክር አለች፣ ካላጎነበሱ የማትታይ። ገጹን በሙሉ በዚያች አረንጓዴ ሠራሁት። ቀዩና ቢጫው እዚያው ፎቶው ውስጥ ቀረ። አልበሙን የሚገልጥ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእናቴን ፊት ነው።

ነጩ ለምን ያልታጠበ መሰለሽ? ብዙ ነጭ ወረቀት ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል ይጨመራል፤ ነጭነቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የፈትል ነጭ ደግሞ ወደ ክሬም ያደላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተሸናፊው ቀሚሱ ነው። ለሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ደማቅ ነጭ ካርድስቶክ አትንኪ። ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ አመድማ፣ የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ፣ ቡናማ ክራፍት፣ ከእነዚህ አንዱን ሥሩ ብታደርጊ ቀሚሱ ወዲያው ይነጣል።

@መቀስ_በእጄ፣ ጥቁርሽን አልጠላሁትም። ለካባ አንድ ሁለት ገጽ ይሄዳል። ግን የ50 ዓመት ትዳር አልበም ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ከሆነ እናትየዋ «ማን ሞተብን?» ማለቷ አይቀርም። ለድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችም አይመችም፤ የአባትየው ሱፍ ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል።

ከመለጠፍሽ በፊት ይህን ሞክሪ፦ ሁሉንም ደርድሪና ገጹን በስልክ አንሺው፤ ከዚያ ያነሣሽውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ዓይንሽ መጀመሪያ ያረፈው ሰው ላይ ከሆነ ለጥፊ። ወረቀቱ ላይ ከሆነ ወረቀቱን ቀይሪ። ቀለም ሲወጣ ማን ደምቆ ማን እንደፈዘዘ ፍርጥ ብሎ ይታያል።

ጽጌረዳውን ግን አትጣይው፣ ለልጆችም አትስጪው። ትልቅ ጽጌረዳ 1 ኢንች ሆኖ ሲቆረጥ ጽጌረዳነቱ ይጠፋል፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ጭረት ብቻ ይቀርሻል። እንደዚያ ሲሆን ካባንም አይረብሽም። ደግሞ ወረቀቱን ገልብጪው። የጥራዝ ወረቀት ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ ፊቱ አበባ ከሆነ ጀርባው መስመር ወይም ደቃቅ ነጠብጣብ ሊሆን ይችላል። እኔ ለጀርባው ስል የምገዛው ወረቀት አለ። ሁለት ሦስት ጥለት መቀላቀል ካማረሽ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ደቃቅ፣ አንዱ መስመር ይሁን፤ ሦስቱም ላይ የሚገኝ አንድ ቀለም ደግሞ አይጥፋ። ሁለት ትልልቅ አበባ አንድ ገጽ ላይ አታጋጥሚ።

ቢራቢሮና ዛፍ ያለበት ወረቀት አቅጣጫ አለው። ከመቁረጥሽ በፊት የቱ ወደ ላይ እንደሆነ እይ፤ ቁልቁል የሚበር ቢራቢሮ ያስቃል።

ውፍረቱ። ለገጹ መሠረት ካርድስቶክ ይሁን፤ መለያው ላይ 65 ወይም 80 ፓውንድ የሚል ታያለሽ፣ በግራም (በካሬ ሜትር) 176 እና 216 አካባቢ ማለት ነው። የፕሪንተር ወረቀት 80 ግራም መሆኑን ካሰብሽ ልዩነቱ ይገባሻል። ባለ ጥለቱ ቀጭን ቢሆንም ችግር የለውም፣ የሚሸከመው ካርድስቶኩ ነው። ጠርዙን ቀደድ አድርገሽ ማስጌጥ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ነጭ የሆነ ካርድስቶክም እስከ መሃሉ ያው ቀለም የሆነም አለ፤ አንዱን ጫፍ ቀድደሽ እይው። ነጭ መሃሉ ለአበባ ጠርዝ ያምራል፣ ለካባ ገጽ ግን ይበዛል።

ፎቶውን ከሥሩ በድፍን ወረቀት ክፈፊው። የሚታየው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሲሰፋ የግድግዳ ፎቶ ያስመስለዋል። ሌላ የቁጠባ ነገር ልንገርሽ፦ ከፎቶው ሥር የሚደበቀውን መሃል ቆርጠሽ አውጪው። 4 በ6 ፎቶ ሥር 3 በ5 የሚሆን ንጹሕ ወረቀት ይተርፍሻል፣ ማንም አያውቅም። አልበሙም አያብጥም። ይህን ሁሉ በመቀስ አትሞክሪው፤ ባለ ማስመሪያ የወረቀት መቁረጫ ግዢ።

ብልጭልጩ ፎቶ አይንካ። ይራገፋል፣ ይቧጭራል። ለፖስታው ወይም ለካርዱ ይሁን።

የድሮዎቹን ፎቶዎች ጉዳይ ለ@ፎቶ_ቤት ትቼዋለሁ፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ማረሙ ስለማይቀር ከአሁኑ እሱ ይናገር።

——

ፎቶ_ቤት

እትዬ አክብረውኛል፣ አመሰግናለሁ።

እኔ ያደግኩት ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። እህቴ፣ ዋናውን ፎቶ አትለጥፊው። ምንም ዓይነት ኮላ፣ ምንም ዓይነት ፕላስተር። ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መጠን ነው) ስካን አድርጊ፣ ኮፒውን አሳትሚና በኮፒው እንደልብሽ ተጫወቺ። የአባትሽ «ለማይረሳ ትዝታ» ራሱ ጌጥ ነው፤ የጀርባውን ኮፒ ከፊቱ አጠገብ አድርጊው። ከእሱ በላይ ምን ወረቀት ትፈልጊያለሽ?

የግድ ዋናው ይግባ ካልሽ አራቱን ጫፍ የሚይዙ የፎቶ ማዕዘኖች ተጠቀሚ። ነገ ማውጣት ይቻላል፣ የተጻፈበትም ይነበባል።

የወረቀቱ መለያ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ከአሲድ ነፃ እና ከሊግኒን ነፃ። ሊግኒን እንጨት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ የሚያበጫው እሱ ነው። አሲድ ደግሞ ወረቀቱን ያደርቃል፣ ወደ ፎቶውም ይሻገራል። ከአሲድ ነፃ የሚለው ብቻውን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ለፎቶ መሆኑን የሚለየው ፒኤቲ የሚባል ምርመራ ነው፤ ደረጃው አይኤስኦ 18916 ነው። ወረቀቱን፣ ኮላውን፣ ቀለሙን ከፎቶ ጋር አድርገው በሙቀትና በእርጥበት ይፈትኑታል። ማሸጊያው ላይ ካለ ደህና።

መለያ የሌለው ወረቀት እጅሽ ላይ ካለ የአሲድ መለኪያ ብዕር ይሸጣል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ታሰምሪያለሽ፤ ሐምራዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ አሲድ አለው። ነጣ ያለ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው፤ ጠቆር ያለ ላይ አይታይም።

የፕላስቲክ ኪሱንም እዪው። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ጥሩ። ፒቪሲ ከሆነ፣ ያ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸተው ዓይነት፣ ለፎቶ አይሆንም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ድሮ በየቤቱ የነበረው፣ ገጹ ራሱ የሚያጣብቅና ላስቲክ የሚለበስበት አልበም ቤታችሁ ካለ ፎቶዎቹን በግድ አትንቀዪ። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብተሽ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። አልወጣም ካለ እዚያው እያለ ስካን አድርጊው።

——

አዲሳበባዊት

ማይክልስ፣ 12 በ12… እኛ ደግሞ በኤ4 እንኖራለን። ግን ኤ4 ይሻላል እላለሁ፤ ፕላስቲክ ኪሱም ፋይሉም በየስቴሽነሪው ስላለ።

እዚህ ያላችሁ ሰዎች፣ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት አትጠቀሙ። ያብለጨልጫል እንጂ ስስ ነው፤ ኮላ ሲነካው ይጨማደዳል። ማኒላም ለትምህርት ቤት ፖስተር ነው፣ ቶሎ ይበጫል። እኔ ማተሚያ ቤት ሄጄ የሠርግ ጥሪ ካርድ ከሚያትሙበት ወፍራም ወረቀት የተረፈውን ቁራጭ እለምናለሁ። ክሬም አለ፣ ዕንቁ የመሰለ አለ፣ በጣት የሚሰማ ሽመና ያለው አለ። አንዳንዱ 250 እና 300 ግራም ነው። ለእነሱ ቆሻሻ ነው፣ ለእኔ የአንድ አልበም ክፈፍ።

ባለ ጥለት ወረቀት ሲያምረኝ ደግሞ ነጠላዬን ስካን አደርጋለሁ። የምሬን ነው። ጥለቱን በደንብ ተኩሼ ስካነሩ መስታወት ላይ ፊቱን አስተኛዋለሁ፤ መጨማደድ እንዳይኖር ከላዩ ወፍራም መጽሐፍ እጭናለሁ። የሚወጣው ምስል ላይ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሜ በ3 ሳንቲ ሜትር ወርድ እቆርጠዋለሁ። ሚሚ የእናትሽ ቀሚስ ካለ ራሱን ስካን አድርጊው፤ የፎቶውና የወረቀቱ ጥለት አንድ ይሆናል።

——

ሚሚ_ሜሪላንድ

ኧረ እናንተ ሰዎች! ጥራዙን ገለበጥኩት፤ ከጽጌረዳዎቹ የአንዱ ጀርባ የወይራ አረንጓዴ ደቃቅ መስመር ነው። ፎቶው ላይ የእማዬ ፊት ብርሃን የበራበት መሰለ። ካርድስቶኩን ክሬም አደረግኩት።

ቀሚሱ ግን ያለው እሷው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሳትጠረጥር እንዴት አድርጌ እንደማወጣው አስባለሁ። እትዬ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። በምን ልለጥፍ? ጽሑፉንስ የት ላድርግ? አባዬ ጀርባው ላይ «ጥር 16 ቀን 1968» ብሎ ነው የጻፈው፤ የእህቴ ልጆች አማርኛ አያነቡም።

——

እትዬ_ወረቀት (አሌክሳንድሪያ)

ቀሚሱን ለላውንደሪ ልውሰድልሽ በያት። እናት ለዚህ እምቢ አትልም።

@አዲሳበባዊት፣ የነጠላው ሐሳብ ወርቅ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፦ የቤት ፕሪንተር ቀለም ዓይነቱ ይለያያል። ፒግመንት የሚባለው ውሃም ብርሃንም ይቋቋማል፤ ዳይ የሚባለው እርጥብ ጣት ሲነካው ሊዝረከረክ ይችላል። ትርፍ ቁራጭ ላይ ጣትሽን አርጥበሽ ሞክሪውና ከዚያ ቁረጪ።

ሚሚ፣ ለመለጠፊያ ከአሲድ ነፃ የሆነ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይሻልሻል። ፈሳሽ ኮላ ወረቀት ያቆለምማል፤ ቀይና ጥቁር ካርድስቶክ ደግሞ ሲረጥብ ቀለም ሊለቅ ይችላል። ከጀርባው የሚያሳየውን ስስ ወረቀት፣ ቬለሙን፣ ከተጠቀምሽ ፕላስተሩን ፎቶው በሚሸፍነው ቦታ ብቻ አድርጊ፤ ካለዚያ ቅርጹ ይታይብሻል።

ጽሑፍ ባለ ጥለት ወረቀት ላይ አይነበብም። ከክፈፎቹ መሃል ያወጣሻቸው 3 በ5 ቁራጮች አሉ አይደል? ጽሑፉ እነሱ ላይ ይሁን። በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ይደበዝዛል። ፒግማ ማይክሮን ወይም ሌላ የፒግመንት ቀለም ያለው ቀጭን ብዕር ግዢ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው። ጥር 16 ቀን 1968 ዓ.ም በፈረንጅ ጃንዋሪ 25 ቀን 1976 ነው፤ እሑድ ይውላል። ሁለቱን ካላደረግሽ ልጆቹ አያቶቻቸው በ1968 በፈረንጅ የተጋቡ ይመስላቸውና 58 ዓመት ብለው ይቆጥራሉ። ስምም አትርሺ። ሚዜዎቹን በሙሉ ማን ማን እንደሆኑ አሁኑኑ ለአክስቶችሽ ደውለሽ አጣሪ፤ ለወላጆችሽ ከደወልሽ ይነቁብሻል።

@አዲሳበባዊት፣ ያን የጥለት ስካን እዚህ ብትለጥፊልን ምን ይመስልሻል? ቀይ ያለበት ካለ ለእኔ ቅድሚያ ይሰጠኝ።

——

አዲሳበባዊት

እሺ እትዬ፣ መብራት ሲመጣ እለጥፋለሁ። ቀይ አለኝ፣ ሰማያዊም አለኝ።

——

መቀስ_በእጄ

ለእኔ ጥቁር ያለበት።